የሷሊሕ ደም ምስክርነት

ያ የሞቀ የሷሊሕ ቤት በ1999 ዓ.ም. በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጨለመ! ምን ያልደረሰበት ቤት ነበር? መጀመሪያ የሮቢ ወንዝ ሞልቶ የሽንኩርት ማሳውን ጠርጎ ወሰደ፤ ቀጥሎ አህያዪቱ ሞተች። በመጨረሻም ጆንያ ሲሰፋ የሚውለውን ሷሊሕን ጣቱን አመመውና ሸዋ ሮቢት ወጥቶ ለቁርጥማት ደሙን ተመረመረ። ሚስቱ ሐጂራም «እግረ መንገዴን» ብላ አብራው ተመረመረች። የእሷ «ነጌቲቭ»፣ የእሱ «ፖዘቲቭ» ሆነ። መርማሪው «ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት የሚወጋበት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይይዎት» አለው። ሷሊሕ «በሽታ» ከሚለው በኋላ ምንም አልሰማም።

«ያ አላህ! የገዛ ደሜ ከዳኝ!» ብሎ አልጋው ላይ ወደቀ። ዘመድ ከካራቆሬ ድረስ እያለቀሰ መጣ። ሷሊሕ በቀን ሦስት ጊዜ ይናዘዛል፤ አራት ጊዜ ይበላል። ሐጂራ ጧትና ማታ እጁን በቅቤ ታሽለታለች።

«ጠንከር አድርጊው እንጂ! አንቺ ጤነኛዋ የታማሚ ሥቃይ በምን ይገባሻል?»

እሷ ጥርሷን ነክሳ ታሻለች።

በአርባኛው ቀን በባጃጅ ጭነው ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ዶክተር ትዕግሥት ጣቶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገች።

«ጧት ሲነሱ እጅዎ ይተሳሰራል?»

«ኧረ ጧትስ ደህና ነኝ። ጆንያ ስሰፋ ነው እንጂ።»

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ይህ በሽታ የለብዎትም።»

«ወረቀቱስ?»

«ደም አንድ ምስክር ነው። በጤነኛው ላይ የሚመሰክርበት፣ የታመመውን አላየሁም የሚልበት ጊዜ አለ። በአንድ ምስክር ይፈረዳል?»

«አልሐምዱሊላህ!» ሷሊሕ ዘሎ ተነሣና ተደግፎት የመጣውን ከዘራ አጠገቡ ለቆመችው ለሐጂራ ወረወረላት። መያዝ አቃታት፤ ከዘራው መሬት ወደቀ። ያን ጊዜ ዶክተሯ ያበጡትን ጣቶቿን አየች።

«እትዬ ሐጂራ፣ ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከመከር ወዲህ። ጧት ጧት እስከ ረፋድ አልታዘዝ ይለኛል። ግን የእኔ ወረቀት ነፃ ነሽ ብሎኛል…»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ሷሊሕ።

«አንተ እየሞትክ? በምን ጊዜ?»

ሷሊሕ አለቀሰ… አርባ ቀን ሙሉ ለራሱ ያፈሰሰው ሁሉ ከዚህ እንባ ጋር ሲተያይ ውኃ ነበር! ዶክተሯ ራጅና ሌላ ምርመራ ጨምራ በሽታው የሐጂራ መሆኑን አረጋገጠች፤ መድኃኒትም ጀመረችላት።

አይ ዕጣ ፈንታ! በስንቱ ቤት ይሆን ጤነኛው ተኝቶ በሽተኛዋ የምታስታምመው? አሁን ጧት ጧት ቅቤውን የሚያሞቀው ሷሊሕ ነው። እጇን በመዳፉ መሐል ይዞ «ጠነከረብሽ?» ይላታል፤ መልሷንም ይጠብቃል።