የስልሳ አራቱ ገና

መቶ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሞጣ ተነሥቶ ቢቸና ሲደርስ ወገቡ በላንድሮቨሩ ተቀጥቅጦ ነበር፤ ንዴቱ ግን ከወገቡ ሕመም ይብስ ነበር። ቀኑ ታኅሣሥ 29 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ የገና ማግስት ነው። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ በዓሉ በሃያ ስምንት ውሎ አልፏል። እሱ ግን የበዓሉን ዶሮ እንኳ በወጉ ሳይበላ «አንድ ጡረተኛ መምህር ተገድሏል፤ ገዳዩም ተይዟል» የሚል የሬዲዮ መልእክት ደረሰው። ገዳዩ ከተያዘ መርማሪ ምን ያደርጋል? ይፈርማል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሎች በጨረሱት ምርመራ ላይ ሲፈርም ኖሯል፤ አሁን አሁን የገዛ ፊርማው ያስጠላዋል።

የሞቱት ጋሼ ሣህለ ማርያም ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየገናው አንድ አስቂኝ ታሪክ እየጻፉ፣ ከቅዳሴ መልስ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለከተማው ሰው ያነቡ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ንባቡ ቀረ። ዘንድሮ የኪነት ቡድኑ አሮጌዎቹን ታሪኮች እንደገና ሊያስነብብ አስቦ ጋሼን ጋበዛቸው። ትናንት ጧት ሕዝቡ ሳይሰበሰብ ቀድመው አዳራሽ ገቡ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ከመድረኩ ሥር ማጅራታቸውን ተመትተው ተገኙ። አጠገባቸው ደም የነካው የገና ዱላ ወድቆ ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ማናዬ። «ዱላው የሸማኔው የይርሳው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና አለ፤ እንጭነዋለን።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ መኪና ተጭኖ የተመለሰ ሰው አያውቅም።

«ዱላው የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እዚሁ አዳራሽ ጥግ፣ ከገና ተጫዋቾቹ ሁሉ ዱላ ጋር።»

«እንግዲያው ማንም ሊያነሣው ይችላል።»

«ማንም ይችላል። የተሰደበው ግን ይርሳው ነው» አለና ማናዬ በታይፕ የተመታ ወረቀት ዘረጋለት። «ከሬሳው አጠገብ ያገኘነው ነው።»

በአናቱ «በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1964 ዓ.ም. የተነበበ» ይላል። ከሥሩ ይርሳው የሚባል ሸማኔ ድግስ ላይ ሥጋውን በዓይኑ በልቶ ሲጨርስ፣ እንግዶቹ «ቡዳ!» ብለው በዱላ ሲያባርሩት ይተርካል። ኃይለ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ አነበበው። የሚያስቅ ነገር አጣበት።

ይርሳው በቀበሌው እስር ቤት ደጃፍ ላይ እጁን ታስሮ ተቀምጧል።

«ጋሼ ሰድበውህ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ እንጂ! ሸማኔ ሌባ ነው፣ ሸማኔ ፈሪ ነው እያሉ አስቀውብኛል። ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይባል የለ? ስለ ጌታው ነው የተባለው፤ ድሃው ይቆጣ አይቆጣ ማን ጠይቆ ያውቃል? እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ባልስቅ ነገ ጋቢዬን ማን ይገዛኛል?»

«ይህኛውስ ታሪክ?»

«ቡዳ ብለውኝ አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተው ‹ይርሳው፣ ያን ጊዜ ያሳቀኝ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ይቅር በለኝ› አሉኝ። እኔም ይቅር አልኩ። ይቅርታ የጠየቀ ሽማግሌ ይገደላል እንዴ፣ ጌታዬ?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ጥሩአየሁ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ የእጅ ጽሑፎቹን ሣጥን አወጡለት።

በልጅነቱ፣ እዚሁ ቢቸና የቆሎ ተማሪ ሳለ፣ እነዚህን ታሪኮች በአዳራሹ መስኮት ተንጠልጥሎ ሰምቶ እንባው እስኪፈስ ስቋል። አሁን አንድ በአንድ አነበባቸው። መኪና አይቶ እጅ የሚነሣው ባላገር፣ ተገርፎ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ጭሰኛ፣ ዶሮ ሰርቃ የተያዘችው ገረድ… ከንፈሩ እንኳ ፈገግ አላለም። ታሪኩ ነው ያረጀው ወይስ እሱ? እንዲህ ባለው ነገር ስቆ ማደጉ አናደደው። ወረቀቶቹን መልሶ በዓመት በዓመታቸው ሲደረድር ግን አንድ ነገር አየ፤ የስልሳ አራቱ የለም።

«እትዬ፣ የስልሳ አራቱ የት ሄደ?»

«የኪነቱ ኃላፊ፣ መምህር አካለ ወልድ፣ በክረምት ሣጥኑን እንዳለ ተውሶ ነበር። ሲመልስ አልቆጠርነው።»

«ምን እንደሚል ያስታውሳሉ?»

«እንዴት አላስታውስ! የመጨረሻ ልጄን ወልጄ ተኝቼ፣ እሳቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ ሲያጠኑት ሰምቼዋለሁ። የሙክቱ ነው። ጭሰኛው ሙክቱን ጨው እያላሰ ያላምደዋል፤ ከዚያ ለገና ለአንዱ ጌታ ይሰጠዋል። ሙክቱ ገመዱን በጥሶ ወደ ጨዉ ይመለሳል። ለሁለተኛው ይሰጠዋል፣ ይመለሳል፤ ለሦስተኛውም እንዲሁ። የገና ዕለት ሦስቱ ጌቶች ሙክት ፍለጋ ዱር ለዱር ሲንከራተቱ ጭሰኛው አርዶ በላው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ። ወዲያው ደነገጠ፤ ለቅሶ ቤት ነው።

«ይሳቁ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። «ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።»

ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ቆመ። ይህን ሙክት የት ነው የሚያውቀው? ባለፈው መስከረም ደብረ ማርቆስ በአብዮት በዓል ጥበቃ ላይ ቆሞ ያየው፣ አንደኛ የወጣው ቲያትር! ደራሲ ተብሎ የተሸለመው አካለ ወልድ ነው። በዚያው ሽልማት የአዲስ አበባ ዝውውር ተፈቅዶለታል።

አካለ ወልድን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ አገኘው።

«ታሪኮቹን ሁሉ የተየቡት እርስዎ ነዎት?»

«ራሴ ነኝ። የጽሕፈት መኪናው ክፍል ቁልፍ ከእጄ አይወጣም።»

«የስልሳ አራቱንም?»

«እሱንም። ከእጅ ጽሑፋቸው ላይ እንዳለ፣ ቀኑን ሳይቀር ገለበጥኩት። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።»

«ዋናው ወረቀትስ?»

«ይርሳው ቀዶት ይሆናላ!»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። መኪናው ውጭ ሞተሩን አስነሥቷል። ይርሳው በሁለት ጠባቂዎች መካከል ቆሞ በየደቂቃው ወደ በሩ ይመለከታል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሾፌሩ ቸኩሏል» አለ ማናዬ።

«ይቸኩል! ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሙ እኔ ከሞጣ ድረስ ተንገጫግጬ መጥቻለሁ፤ እስክጨርስ ይጠብቅ።» ድምፁ ከፍ ማለቱ ራሱንም አስገረመው። «ጓድ ማናዬ፣ ገና ዘንድሮ በስንት ዋለ?»

«በሃያ ስምንት ነዋ፤ ዮሐንስ አይደል?»

«ከዘንድሮ ወደ ኋላ አራት ዓመት ቁጠር።»

«ስልሳ ስምንት። ዮሐንስ።»

«ደግሞ አራት።»

ማናዬ በጣቱ መቁጠር ጀመረና መሐል ላይ ቆመ። «ስልሳ አራት» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱም ዮሐንስ ነው። በዮሐንስ ገና ሃያ ዘጠኝ ላይ ውሎ አያውቅም። ጋሼ የስልሳውንም የሃምሳ ስድስቱንም ‹ሃያ ስምንት› ብለው ጽፈዋል፤ እነሆ የእጅ ጽሑፋቸው። ይህ ወረቀት ግን ‹በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29› ይላል።»

«ሽማግሌው ተሳስተው ቢሆንስ?»

«አስቀድሰው በወጡበት ቀን? በዓሉን የዋለበት ሰው ቀኑን አይስትም። የሚስተው ከስምንት ዓመት በኋላ ተቀምጦ ‹ገና መቼም ሃያ ዘጠኝ ነው› ብሎ የሚፈጥር ሰው ነው። መምህር አካለ ወልድ ቀኑን ሳይቀር ከእጅ ጽሑፍ ገለበጥኩ ብለዋል። እንዲህ የሚል የእጅ ጽሑፍ አልነበረም። የስልሳ አራቱ እውነተኛ ታሪክ የሙክቱ ነው፤ እትዬ ጥሩአየሁ ምስክር ናቸው።» ወደ አካለ ወልድ ዞረ፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ። «ሰርቀህ ተሸለምህበት። ጋሼ ሲነቁብህ ከጥግ ያገኘኸውን ዱላ አነሣህ። ከዚያ ቢሮህ ገብተህ በባለ ዱላው ስም ስድብ ተየብክና ከሬሳው አጠገብ ጣልክ።»

አካለ ወልድ አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ሊያዋርዱኝ ነበር!» አለ። «ጧት እዚህ ሳገኛቸው ‹ዛሬ በሕዝቡ ፊት የሙክቱን ነገር እናገራለሁ› አሉኝ። ዝውውሬ፣ ስሜ፣ ሁሉም አፈር ሊገባ!»

«ሊያመሰግኑህ ነበር» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ።

ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

«በዋዜማው ነግረውኛል። ‹ታሪኮቼ ሁሉ አርጅተው ሞቱብኝ፤ አንዷን ብቻ ይህ ልጅ አዲስ ልብስ አልብሶ አቆማት። ነገ በሕዝብ ፊት መርቄ እሰጠዋለሁ› አሉኝ። ነጭ ጋቢያቸውን ያጠብኩት ለዚያ ነበር።»

መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። ኃይለ ጊዮርጊስ አካለ ወልድ ፊት ሄዶ ቆመ።

«ንግግራቸውን አስጨረስካቸው?»

አካለ ወልድ ራሱን ነቀነቀ። «አላስጨረስኳቸውም።»

የይርሳውን እጅ ፈቱለት። መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ሄደ፤ የተጫነው ግን ሌላ ሰው ነበር። ኃይለ ጊዮርጊስ መዝገቡ ላይ ፈረመ።