የእህቴን ፊርማ ያጠፍኩበት ቀን

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ አልፈርድበትም። ሰው ፊት ቆሜ ማውራት ስላቃተኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

ያለሁት የሥራ ክፍሌ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳ ሙሉ የእንጨት ፍሬም። ሥራዬ የሰው ሥዕል እየወጠሩ መስቀል ነው። ሃያ ዓመት የሌሎችን ሰቅያለሁ። የራሴን ግን አንድም ቀን...

ታላቅ እህቴ ሠዓሊ ነበረች። ፍሬም አትወድም። ሸራውን እንዲሁ ግድግዳ ላይ በስፒል ትሰካና በአክሪሊክ ቀለም ትስልበታለች። ሲደርቅ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ትከተዋለች። ለማንም አታሳይም።

በሞተች በሁለት ዓመቷ እናታችን አሥራ አንድ ጥቅል ይዛልኝ መጣች።

«አንተ ታውቅበታለህ፤ ለሰው አሳይላት» አለችኝ።

ሥዕሎቹ የቤታችን ክፍሎች ናቸው። ኮሪደሩ። የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና። ገርበብ ያለ በር። አንዱም ላይ ሰው የለም።

ወደ አንድ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ወሰድኳቸው። ኃላፊዋ ዘርግታ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«የማን ናቸው?»

«የኔ» አልኳት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም... አይ፣ አውቃለሁ። በዚያ ዓይን አይቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የቀረው ፊርማዋ ነበር። በየሸራው ግርጌ፣ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ስሟን በነጭ ቀለም ጽፋለች። መላ አላጣሁለትም። ሸራ ሲወጠር ዙሪያው አራት ጣት ያህል ወደ ፍሬሙ ጀርባ ይታጠፋል። ፊርማውም አብሮ ይታጠፋል። ማን ያያል?

የመጀመሪያውን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ፍሬሙን ከላዩ አስቀመጥኩ። የአራቱን ጎን መሃል መሃል በስቴፕለር መታሁ፤ ከዚያ እየሳብኩ ወደ ማዕዘኖቹ ሄድኩ። ፊርማው ጀርባ ገባ። ሸራው እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ገለበጥኩት።

ፊርማው ከፊት ነው።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ የስቴፕለሩን ሽቦዎች ነቃቀልኩና እንደገና ወጠርኩት። አሁን ስድስት ጣት አጠፍኩ። ገለበጥኩት...

ከፊት ነው። እዚያው ቦታው ላይ።

በጣቴ ነካሁት። ነጩ ቀለም ጣቴ ላይ ቀረ። አክሪሊክ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርቅ ቀለም ነው። ይህ ከተሳለ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር።

እኔ ቢላዋ አነሳሁ።

የአሥራ አንዱንም ግርጌ ቆርጬ ጣልኩ። ከዚያ በኋላ ሲወጠሩ እሺ አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ ተከፈተ። ከየሥዕሉ ሥር ስሜ የተጻፈበት ካርድ ተለጥፏል። ሰው እጄን ይጨብጠኛል። እኔ በሩን በሩን አያለሁ።

እናቴ ገባች።

ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው በዝግታ ሄደች። ካርዶቹን አነበበች። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«የሷ ስም የታለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እማዬ...»

«የታለ?»

«ቆረጥኩት።»

አልጮኸችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ሂድና ንገራቸው።»

በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ኃላፊዋ እስክሪብቶ አወጣችና በየካርዱ ላይ ስሜን እየሰረዘች የእህቴን ጻፈች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከኋላዋ እከተላለሁ። እናቴም ከኋላዬ። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

ኃላፊዋ ግን መሄዷን ቀጠለች።

«ይሄኛውስ?»

ጥጉ ላይ፣ ፍሬም የሌለው ሸራ በአራት ስፒል ተሰክቷል።

«እኔ አልሰቀልኩትም» አልኳት።

«ታዲያ ማን ሰቀለው?»

ቀረብኩ።

የእኔ ፊት ነው። ከሥር ወደ ላይ የታየ... ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ነገር ቀና ብሎ እንደሚያየኝ። በላብ የራሰ ግንባር። የተነከሰ ከንፈር። ቢላዋ የጨበጠ እጅ።

በዚያ ሐሙስ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሩንም ከውስጥ ቆልፌው ነበር።

እናቴ ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ልጆች ሳለን ስንጣላ በምትገላግለን በዚያ ድምፅ ተናገረች። የምታየው ግን እኔን አልነበረም።

«በቃ፣ ልጄ... ተይው አሁን።»

የታችኞቹ ሁለት ስፒሎች ወለሉ ላይ ወደቁ።

ሸራው ማንም ሳይነካው፣ ከግርጌው ጀምሮ፣ ቀስ እያለ... ራሱን መጠቅለል ጀመረ።