የእማዬ ጓንት

«ቀስ በይ! ያቃጥላል እኮ!» እናቷ እጇን ሰበሰበች።

ሚጣ ቫዝሊኑን በጣቷ ጫፍ እንደያዘች ቆመች። የእናቷ መዳፍ ቀልቶ፣ ጣቶቿ መታጠፊያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። እናቷ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ በበረኪና ስትዘፈዝፍ ትውላለች። እጇ ድሮም ደረቅ ነው። እንዲህ ሆኖ ግን አያውቅም።

«ነርሷ ምን አለችሽ?»

«በለብታ ውሃ ታጠቢ፣ ወዲያው ቅባት ተቀቢ አለችኝ። ደግሞ ቀዳዳ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል አለች። ለካ በረኪናው ገብቶ እዚያው ከእጄ ጋር ነው የሚውለው!»

ሚጣ ቀዳዳው ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ባለፈው እሁድ እናቷ ከሥራ ቤት አምጥታው የነበረውን ጓንት ሳታስፈቅድ ወስዳ ከጓደኛዋ ጋር የፀጉር ቀለም ተቀባብተውበታል። ጓደኛዋ በዚያ የድመት ጥፍሯ ስታጠልቀው አውራ ጣቱ ላይ ተበሳ። «አይታይም ባክሽ፣ አታካብጂ!» አለቻት። ሚጣም አጥባ ቦታው መለሰችው። እውነትም አይታይም ነበር፤ እናቷ አራት ቀን ሙሉ ስታደርገው የከረመችው ለዚህ ነው።

«ይቺ ሳቂታ ናት» አለች እናቷ። ሳቂታ የምትላት አብራት የምታጥበውን ሴት ነው፤ ሥራ ቦታ አንድ ቁምሳጥን ይጋራሉ። «አድርጋ የቀደደችው እሷ ናት። ልጇ ሲታመም ሦስት ቀን ተክቼላት! እጄ እኮ አመድ አፋሽ ነው። ዛሬ ሰላምታዋን እንኳ አልመለስኩላትም። ስታለቅስ ዋለች።»

ሚጣ አፈረች፤ ከማፈርም አልፋ ራሷን ጠላች። ቅባቱን በደንብ ቀብታ ስትጨርስ በሁለቱም እጆቿ ላይ ንጹህ የጥጥ ካልሲ አጠለቀችላት።

እናቷ እጆቿን አይታ ሳቀች። «ቦክሰኛ መሰልኩ አይደል? ተባረኪ ልጄ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ምርቃቱ ከስድብ ባሰባት።

የእናቷ ስልክ ጠራ። ሳቂታ ናት።

«እንዳታነሺው!» አለች እናቷ። ካልሲ ባጠለቀው እጇ ልትዘጋው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

ስልኩ መጥራቱን ቀጠለ። ሚጣ አነሳችውና፣ እናቷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ እኔ ሚጣ ነኝ» አለች። «እባክዎ አይዝጉት። ጓንቱን የቀደድኩት እኔ ነኝ።»