ሰማያዊው ክፈፍ ያረፈበት ረድፍ

ሱኑቫን ማንም አልጠየቃትም። ወንድሟ ኦላቩር ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው። ፖሊሱ ሃኑስ ከዋና ከተማው ከቶርስሃቭን መጥቶ ወንድሟ ይኖርበት የነበረውን የአረጋውያን መኖሪያ ሠራተኞች ሁሉ ሲመረምር፣ እሷን «አዝናለሁ፣ እማማ» ብሎ አልፏት ሄደ። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታውቃለች ብሎ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሟን ልትጠይቅ እየመጣች፣ ነርሶቹ ክፍል ጥግ ቁጭ ብላ ሹራብ ስትሠራ፣ ዓይኗን ቤቷ ትታ የምትመጣ መስሎታል።

ጥፋቱን ነርሷ ሪግሞር ላይ ጥለውታል። ኦላቩር ደም የሚያቀጥነውን መርፌ መወጋት የነበረበት በክብደቱ ልክ ነው፤ ልኩን ለየክፍሉ በየረድፉ የሚያሰላው ሪግሞር ቁጥር የምታስገባበት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ነው፤ የተወጋው ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው። ነገ ጠዋት ሃኑስ ሪግሞርን ይዟት ሊሄድ ነው።

ሱኑቫ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ሰንጠረዡን አይተኸዋል?»

«ኃላፊውን ቱማስን ኮምፒውተሩን አሳየኝ ስለው ሰንጠረዡን አትሞ ሰጠኝ። ስሙም ክብደቱም ልክ ነው፤ የተሳሳተው የመርፌው መጠን ብቻ ነው።»

«ወረቀት! ወረቀት ላይ ቀለሙ አይወጣም፣ አንተ። ሰዎቹን ሰብስብና ማሽኑን አስከፍትልኝ።»

ሃኑስ ሳቁን ዋጠ። ቢሆንም ሰበሰባቸው፦ ቱማስን፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠውን ሪግሞርንና የሰንጠረዡን ቀመር የጻፈችውን ዶክተር ኤልስፓን።

«መጠኑ ያለበትን ሳጥን ሁለቴ ጠቅ አድርጊው፣ ልጄ» አለቻት ሱኑቫ ሪግሞርን። እንዲያ ሲደረግ ቀመሩ ቁጥር የሚወስድበት ሳጥን በሰማያዊ ክፈፍ ይከበባል። የክፍል አንድ ክፈፍ የራሱ ረድፍ ላይ አረፈ፤ የሁለትም፣ የአራትም። ኦላቩር የሞተበት ክፍል ሦስት ሲነካ ግን ክፈፉ ሁለት ረድፍ ወርዶ ክፍል አምስት ላይ፣ በዘጠና ስምንት ኪሎው ሃኩን ላይ ቁጭ አለ። የሃኩን ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ የኦላቩርን አምሳ አንድ ኪሎ ከበበ።

«ዶክተር፣ አንቺ የለሽበትም» አለች። «ስትጽፊው ተሳስተሽ ቢሆን ሌሎቹም ይዛነፉ ነበር። የተጠላለፉት ማክሰኞ ዕለት ክፍል የተለዋወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ ቁጥር የምታስገባው ሪግሞር አይደለችም እንዴ?» አለ ቱማስ።

«ሪግሞር ትጽፋለች። እስቲ ክብደቱ ላይ ሌላ ቁጥር ጻፊ፣ ልጄ።» ጻፈች፤ መጠኑን ነካች፤ ክፈፉ ንቅንቅ አላለም። «አሁን ክብደቱን ቆርጠሽ ባዶ ሳጥን ላይ ለጥፊው።» መጠኑን እንደገና ስትነካው ክፈፉ ቁጥሩን ተከትሎ ሄዷል። «አያችሁ? ክብደቱን ቆርጦ ያዛወረ ነው ቀመሩን ጎትቶ የወሰደው። ማክሰኞ የት ነበርሽ?»

«ሱዱሮይ ደሴት» አለች ሪግሞር። «በማዕበሉ ምክንያት መርከቡ አልተነሳም።»

«ዶክተሯ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ወንድሜን ባሕሩ ከሚታይበት ክፍል አምስት አስነስቶ የገዛ አጎቱን ሃኩንን ያስገባው ማነው፣ ቱማስ?»

የቱማስ ፊት አመድ መሰለ። «ስህተት ነው! አንድ ቁጥር አላዛባሁም እኮ፤ ያዛወርኩት ክብደቱን ብቻ ነው!»

«ስህተት መሆኑን አምንሃለሁ። ወንድሜ ሲሞት ግን ከፍተህ ክፈፉን አይተሃል። ባታይ ኖሮ ፖሊስ ማሽን ሲጠይቅህ ወረቀት አታስታቅፈውም ነበር።»

ቱማስ መሬት መሬት አየ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እማማ ሱኑቫ...»

«እኔን ተወኝ፤ የእኔ ሞቷል። ተነስና ቁም። ወደዚች ልጅ ዙርና ‹እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም› በላት። ጮክ ብለህ፣ ሃኑስ እየጻፈ።»