በነጭ ሸሚዝ ላይ ቀይ ክር

«ቀጥ ብሏል?» አሉ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ሸሚዙን ወደ ድምቡሼ ዘርግተው።

ቀጥ ብሏል። ቁልፎቹ ለሰልፍ እንደቆሙ ተማሪዎች በመስመር ተደርድረዋል። ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ቁልፎቹም ነጭ ናቸው። ክሩ ግን ቀይ ነው፤ ያውም ከሩቅ የሚጮህ ቀይ።

ድምቡሼ ከንፈሯን ነከሰች። ስሙ የወጣላት በሕፃንነቷ በጉንጯ ምክንያት ነው፤ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ጉንጩ ከጠፋ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አልከሳም። የመጣችው ሐሙስ ዕለት እዚህ ረስታው የሄደችውን ሻርፕ ልትወስድ ነበር። ሻርፗን አንስታ ለነገው የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ወደሚደረገው ልምምድ መሮጥ አለባት።

«አባባ…» አለች። መዋሸት ቀላል ነበር። የእሳቸው ዓይን ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፣ ቁልፍ የሚተክሉት በጣታቸው ብቻ ነው። ሸሚዙን የሚለብሰው ጎረቤት ግን ዓይን አለው። «ክሩ ቀይ ነው።»

ሽማግሌው ሸሚዙን ጭናቸው ላይ መለሱት። ቀለሙ በጣት የሚታወቅ ይመስል ክሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ነጩ ከበሩ በኩል ሁለተኛው ምስማር ላይ ነበር የሚሰቀለው» አሉ ቀስ ብለው።

ድምቡሼ ወደ ግድግዳው ዞረች። ፊቷ ጋለ። ሐሙስ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ኅብረት በቡድን መጥተው ይህችን አንድ ክፍል እንዳልነበረች አድርገው አጽድተዋታል። ወለሉን አጥበው፣ መስኮቱን ወልውለው፣ ዕቃውን ሁሉ መልክ አስይዘውታል። ክሮቹንም ከደማቁ ወደ ፈዛዛው በየቀለማቸው ሰቅለው «ሲያምር!» ብለው አጨብጭበው ነበር። ማን እንዲያይላቸው እንደሆነ አንዳቸውም አላሰቡም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«እንደዚያ ደክማችሁ፣ ዘምራችሁ፣ ጸልያችሁልኝ… ምን ብዬ ልናገር ልጄ? ደስታችሁን ላበላሽ?» ፈገግ አሉ። «ብቻ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ትናንት ሻይ ላፈላ ክብሪት ስፈልግ ሳሙና ይዤ ልለኩስ ምንም አልቀረኝም።»

ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው ግን ድምቡሼ መሳቢያው ትዝ አላት።

«መድኃኒትዎስ?»

የጠዋቱ ብልቃጥ መስኮቱ ላይ፣ የማታው ራስጌያቸው ነበር። ሁለቱም በመጠንም በቅርጽም አንድ ናቸው። «እዚህም እዚያም ተዝረክርከዋል» ብላ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀመጠቻቸው ድምቡሼ ራሷ ናት።

«የቱ የቱ እንደሆነ ስላልለየሁ ተውኩት» አሉ ሽማግሌው። «ጎረቤቴ ውጭ ውሎ ደክሞት ነው የሚገባው። ለዚህች ብዬ ላስቸግረው?»

«እኔ ነኝ አባባ። እኔ ነኝ የደባለቅኩት…» እንባዋ ቀደማት።

«ነይ እስቲ። ከለቅሶው በፊት ብልቃጡን አምጪ።»

የተጻፈበትን አንብባ የጠዋቱን ለየችና ከውሃ ጋር ሰጠቻቸው። ከዚያ ሥራ ጀመሩ። እሷ ዕቃ ታነሳለች፣ «ይሄስ የት ነበር?» ትላለች፣ እሳቸው ይነግሯታል፣ ባስቀመጠችው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ያረጋግጣሉ። ክብሪቱ ከምድጃው በስተቀኝ፣ በርጩማው ከአልጋው እግር ሥር፣ ነጩ ክር ሁለተኛው ምስማር ላይ። ክፍሉ ቀስ በቀስ ያንኑ ዝርክርክ መልኩን ያዘ። የሽማግሌው እርምጃም አብሮ ደፋር ሆነ። በመጨረሻ ድምቡሼ ቀዩን ክር በትንሿ መቀስ እየፈታች፣ ሐሙስ ዕለት ማንም ያልጠየቃቸውን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ግን ከእኛ ምን ቢደረግልዎ ደስ ይልዎታል?»

«ቤተ ክርስቲያን» አሉ። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ አልሄድኩም። መዝሙሩ በነፋስ እየመጣ ይደርሰኛል። እናንተ ስትመጡ ‹እንሂድ› ትሉኛላችሁ ብዬ ጫማዬን ጠርጌ ነበር፤ መጥረጊያ ይዛችሁ ስትገቡ ዝም አልኩ።»

ድምቡሼ ቤት ስትደርስ ታላቅ እህቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት። የኅብረቱ ሰብሳቢ እሷ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ የት ጠፋሽ? ልምምዱ አለቀ እኮ! ነገ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። የጽዳቱን ፎቶዎች ደርድሬያቸዋለሁ፤ ‹በፊት› እና ‹በኋላ›፣ በቃ ሙድ አላቸው።»

ድምቡሼ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ቀዩ ክር ስትሰማ እህቷ ሳቀች፣ ስለ መድኃኒቱ ስትሰማ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«በደግነት ነው እኮ ያደረግነው» አለች።

«በደግነት ነው።»

«ይህን በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊት ልትዘከዝኪው ነው? ልጆቹ ያፍራሉ። እኔም አፍራለሁ፣ እውነቴን ነው።»

ድምቡሼም አፍራለች፤ ከሁሉም በላይ አፍራለች። ለነገ የጻፈችውን ንግግር በቃሏ ታውቀዋለች። «በፍቅር አገለገልን» ብሎ ነው የሚጀምረው። የእህቷን እጅ ያዘች።

«እኔ ነገ አልናገርም። ፎቶዎቹንም ተያቸው፣ በእናትሽ። ፕሮግራሙ ሲጀመር መንገድ ላይ ነኝ፤ እሳቸው ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።»

«ማንን ነው የምታመጪው?»

«አባባን። መምጣት ይፈልጋሉ። አልጠየቅናቸውም እንጂ ሐሙስም ይፈልጉ ነበር።»

«ከፊት ወንበር ላይ ቦታ እይዝላቸዋለሁ» አለች እህቷ።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ድምቡሼ ደስታዋ አላስቻላትም። ሮጣ ክንዳቸውን አፈፍ አድርጋ ወደ ፊት ስባ መራመድ ስትጀምር፣ አንድ እግራቸው የበሩ ደፍ ላይ ተደናቀፈ።

«አትሳቢኝ ልጄ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «እኔ ልያዝሽ።»

ክንዳቸውን ለቀቀች። ከጎናቸው ግማሽ እርምጃ ቀደም ብላ ቆመችና ክርኗን አጠፍ አድርጋ፣ እስኪይዟት ድረስ ጠበቀች።