የተቋጠረው ሰንበሌጥ

አስናቀ ፓርኩ የደረሰው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፤ ቀድሞ በመድረሱም ከራሱ ጋር ተጣላ። ቦታውን የመረጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የሚስቱ አጎት አቶ ሽብሩ ሆቴል ቤት ጆሮ ይበዛል፣ የሰው ቤትም አይመችም፣ አዲሱ ፓርክ ነፋሻ ነው ብለው ወሰኑ፤ እሱን ማን ጠይቆት! በሩ ላይ ጥበቃው ኪሱን አስገልብጦ ፈተሸው፣ መታወቂያውን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየ፣ የያዘውን ውሃም አስቀረበት። ውስጥ ደግሞ ጥቂት በተራመደ ቁጥር የሚገጥመው የክልከላ ጽሑፍ ነው። መርገጥ ክልክል ነው፣ መቅጠፍ ክልክል ነው፣ ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ታዲያ ሰው እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል ሲል አጉረመረመ።

ፓርክ ይሉታል እንጂ ለእሱ ያልታጨደ ማሳ ነበር። የተከረከመ አጥርና የውጭ አበባ የለመደ ሰው እዚህ የሚያገኘው የአገር ሣር ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩን ጦስኝና አክርማ፣ ቀጥሎ የጥቅምት ፀሐይ ያጠወለገው አደይ አበባ፣ ከዚያ ወዲያ ከሰው ቁመት በላይ የቆመ ሰንበሌጥ፣ በዘንጎቹ መካከል በቀን ብርሃን እንኳ ጨለማ የተኛበት። ነፋስ ሲመጣ ሰንበሌጡ ከዳር እስከ ዳር ይተኛና ይነሣል፤ እንደ ወንፊት ይንሿሿል። ከእሱ በላይ የፌንጣው ጩኸት፣ ከፌንጣውም በላይ ከግንቡ ማዶ የመኪናው ጥሩምባ ይሰማል። የጦስኙና የደረቀው ሣር ሽታ አፍንጫው ገብቶ አስነጠሰው።

ሚስቱ እመቤት ከቤት ከወጣች ሦስት ወሯ ነው። ለሽማግሌዎቹ ያለ ምክንያት ጥላኝ ሄደች ብሏቸዋል። እውነቱ ግን በሐምሌ ዝናብ በሩን ቆልፎ ውጭ አስቀርቷታል፤ ስሙን እየጠራች በሩን ስትደበድብም ጩኸቷ እንዳይሰማው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጎታል። ዛሬ ይህንን በአቶ ሽብሩ ፊት ከተናገረች አለቀለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አስናቀ ሚስቱ እንድትመለስለት ይፈልጋል፣ ከልቡ ይፈልጋል፤ የሚፈልገው ግን አፏን ዘግታ እንድትመለስ ነው።

ልጅ ሳለ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ቀን፣ መምህሩ እንዳይገርፉት መንገድ ዳር ሣር ይቋጥር ነበር። ቋጥሮ የሄደ ቀን አይገርፉትም፤ ወይም የገረፉትን ቀን አያስታውስም። በአርባ አምስት ዓመቱ እንዲህ ማሰቡ አሳፈረው፤ ቢሆንም ጎንበስ ብሎ ሦስት ዘንግ ሰንበሌጥ ያዘ።

«ወንድሜ፣ ባይቋጥሩት ይሻላል» አለችው አንዲት ሴት ከኋላው።

የገለባ ባርኔጣ ያደረገች አትክልተኛ ናት፤ የውሃ ጎማ ትጎትታለች። አስናቀ ይህም ክልክል ነው ወይ ብሎ ሊቆጣ ነበር። እሷ ግን ሳትቆጣ ጣቷን ዘርግታ አሳየችው። እዚህም እዚያም፣ ጉልበት ከፍታ ላይ፣ ሣሩ ተቋጥሯል። ጎብኚው ሁሉ እንደሚቋጥር ነገረችው፤ አንዱ ለፍርድ ቤት ጉዳይ፣ አንዱ ለአለቃው፣ አንዱ ለአማቱ። አትክልተኞቹ ያጠጣሉ፣ ያርማሉ፤ ቋጠሮ ግን አይነኩም። ለምን እንደማይፈቱት ጠየቃት።

«ምን እንደታሰረበት ሳናውቅ?» አለችና ጎማዋን እየጎተተች ሄደች።

ከዓይኑ እስክትሰወር ጠብቆ ቋጠረው። «የእመቤትን አፍ ይሰርልኝ» አለ፤ ሲቋጥርም የሣሩ ጠርዝ ጣቱን ቆረጠው።

ጥቂት እንደቆየ ፌንጣው ዝም አለ። አስናቀ ልብ ያለው ስልኩ ሲጮህ ነው። እመቤት ናት። ሃሎ አለ፤ መልስ የለም። የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከንፈር ሲላቀቅና ሲገጥም። ሃሎ፣ ሃሎ እያለ ጮኸ፣ ኔትወርኩን ረገመ፣ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ስልኩን ዘግቶ መልሶ ደወለ። አሁንም ያው ትንፋሽ ነው። ከዚያ የአቶ ሽብሩ ድምፅ መጣ።

«አስናቀ፣ በሩ ጋ ደርሰናል። ይህቺ ልጅ ታክሲ ውስጥ ስታወራን ቆይታ ድንገት ጸጥ አለች። ጉሮሮዋን ይዛ ታለቅሳለች እንጂ ድምፅ የላትም። ምን እናድርግ?»

መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ወዲያው ግን ከድንጋዩ ዘሎ ወርዶ ሊፈታው ሮጠ።

ቋጠሮውን ግን አጣው። እዚህ ጋ ነበር፤ እዚህ ጋ ደግሞ ሃያ ቋጠሮ አለ፣ አልፎም ሌላ ሃያ፣ ቢጫውና አረንጓዴው፣ አብዛኛው ባለ ሦስት ዘንግ። ቅድም ይህን ያህል አልነበረም። በንዴት ያገኘውን ያዘና ፈታው። ሣሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አስናቀ ቀና ብሎ አየ፤ ሰው የለም። ሁለተኛውን ሲፈታ አንዲት ልጅ ሳቀች፣ እግሩ ሥር ማለት ይቻላል። ጎብኚ ነው ብሎ አለፈው። ለቅሶ፣ ስድብ፣ እስኪታክት የሚደጋገም የአንድ ሰው ስም፤ በፈታ ቁጥር አንድ ድምፅ ይጨመራል፤ አንዱም ሰው ሊቆም ከሚችልበት ቦታ አይመጣም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አስናቀ የሚያፈሰውን እንኳ አላየም። ጦስኙ መሽተት ትቷል። በምትኩ ዓመታት ተዘግቶ የኖረ ቤት ሽታ ከሣሩ ይወጣል። እጁ ደምቷል፤ የሁሉንም ቋጣሪ እየረገመ ፈታ።

«አስናቀ።»

ሌላው ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። የጠራችው እመቤት ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሰማውን ድምፅ አይስተውም። የራሱን ቋጠሮ ፈትቶታል ማለት ነው። በሌላ በር ገብታ ይሆናል ብሎ አሰበ።

«ና» አለችው ከሰንበሌጡ መሀል። «አልተቆጣሁህም። ለሽማግሌዎቹም ምንም አልናገርም።»

ሦስት ወር ሙሉ ሊሰማ የጓጓው ይህንኑ ነበር፤ እንባው መጣ። ሣሩን በሁለት እጁ እየከፈለ ገባ። ድምፁ ትንሽ ይርቃል፣ ይጠብቀዋል፣ ይጠራዋል። ሰማዩ ጠፋ። በቀኙ በኩል ሰንበሌጡ ሳሳ ሲልለት መንገዱን አየ። አቶ ሽብሩ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። እመቤት ከፊታቸው ወደ እሱ ትሮጣለች፤ ሁለት እጇን እያወዛወዘች፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር አፏን ከፍታ ትጮሃለች፤ ምንም ድምፅ ግን አይወጣትም።

«ወደዚያ አትመልከት» አለው ድምጿ ከጆሮው ሥር ሆኖ፤ «እኔ እዚህ ነኝ።»