የግራው ቴስቲኒ

የጭነት መኪናዋ ቁልቁለቱን እንደጀመረች የግራ ጎማዋ ወደ ገደሉ ዞረ። ደርቤ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ጎማው አልታዘዘም። ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመበት። መኪናዋ ጭቃውን እያረሰች ተንሸራትታ ከገደሉ አፍ ክንድ የማይሞላ ሲቀራት ቆመች።

በንጉሡ ዘመን ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ በዚያ የበጋ መንገድ በሐምሌ መጓዝ እብደት ነበር። ደርቤ ደግሞ እብድ አልነበረም፤ ከጭነቱ በቀር የሰው ጉዳይ የማይገደው ሹፌር ነበር። ዛሬ ግን የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ለምነውት እምቢ ማለት አፈረ። ከኋላ፣ በጆንያዎቹ ላይ፣ አናጢው አንሙት ተኝቷል። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሲሠራ ግንድ ወድቆበት እግሩ ደቋል፤ ቁስሉ ጠቁሮ መሽተት ጀምሯል። ዛሬውኑ ማርቆስ ሆስፒታል ካልደረሰ እንደማይተርፍ ራስጌው የተቀመጠችው ሚስቱ የዓለምዘርፍም፣ ሁሉም ያውቃሉ።

ደርቤ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የመሪውን ዘንግ ከግራ ጎማ ጋር የምታያይዘው ቴስቲኒ ተበልታ አልቃ፣ ክቧ ብረት ከቤቷ ወጥታለች። መሪጌታ ባለፈው ወደ ማርቆስ ሲሄዱ አዲስ አስገዝቷቸው፣ ዛሬ ነገ ሲል ሳይቀይራት ቀርቶ ነበር። አሁን ከጨርቋ ፈትቶ ሞከራት። አልገባችም።

«መሪጌታ፣ ይህችን ምን ብለው ገዟት?»

«የግራዋን አልሁ። ባለሱቁ የትኛዋ ናት ቢለኝ፣ አንድ መኪና ፊት ቆሜ በግራ እጄ አሳየሁት።»

«በእርስዎ ግራ?»

«በማን ግራ ኖሯል?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ በማኅሌት ቆመው ቀኝና ግራውን በራሳቸው እጅ ሲለዩ የኖሩ ሰው ምን ያድርጉ?

«በሹፌሩ ግራ ነው እንጂ» አለ ደርቤ ጥርሱን ነክሶ። «ያመጡልኝ የቀኙን ነው። የብሎኑ ጥርስ በተቃራኒው ነው የሚዞር።»

ዝናቡ ወረደ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ድልድይ የሌለው ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ያጓራል። ትንሽ ከቆዩ አያሻግርም። ደመናው ቀኑን እንደ ምሽት አጨልሞታል። የዓለምዘርፍ ከጆንያዎቹ ላይ ሆና ቁጥቋጦው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አየች።

«ደርቤ፣ ጅብ ነው» አለች። «ቁስሉ ሸቶት ነው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከጋቢናው ወረዱና ከመኪናዋ አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ፣ የሁለቱ ልዩነት ምኑ ላይ ነው?»

«ጥርሱ ላይ ብቻ። ውስጣቸው ያው ነው።»

«እንግዲያ የተለየው ሰሙ ነዋ። ወርቁ አንድ ነው።»

የደርቤ እጅ ቆመ። ከዚያ የአዲሷን ክዳን ፈትቶ ክቧን ብረት ከነሞላዋ መዳፉ ላይ አወጣ። ቀጥሎ የአሮጌዋን ክዳን ያዘ፤ ዝጎ አልላቀቅ አለው። በመዶሻ ደበደበው፤ የጣቱ ቆዳ ተገፎ ደሙ ከግሪሱ ጋር ተቀላቀለ።

«እግርህን ሰብስብ» አሉ መሪጌታ።

ሰበሰበ። ጅቡ እግሩ የነበረበትን ጭቃ አሽትቶ ቀና ሲል የመሪጌታ መቋሚያ አፍንጫው ላይ አረፈበትና ሸሸ። ክዳኑም ተላቀቀ። ደርቤ የአዲሷን ሆድ ዕቃ በአሮጌዋ ቅርፊት ውስጥ ከትቶ አጥብቆ አሰረና ከሥር ወጣ።

«ትይዛለች?» አለች የዓለምዘርፍ።

«አላውቅም። አጥብቀሽ ያዢው።»

ወንዙ መሐል ሲደርሱ ውሃው በሩን መታው፤ የመኪናዋ ኋላ ተንሳፈፈ። ደርቤ መሪውን በሙሉ አቅሙ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል አዞረ። ጎማዎቹ እኩል ታዘዙ። መኪናዋ ድንጋዩን ቧጥጣ፣ አጉረምርማ፣ ከወዲያ ማዶ ወጣች።

ማርቆስ ሲደርሱ አንሙት አይናገርም ነበር። ሐኪሙ እግሩን ከጉልበቱ በታች እንደሚቆርጠው፣ ደምም እንደሚያስፈልገው ተናገረ። የዓለምዘርፍ ክንዷን ዘረጋች፤ ደሟ አልገጠመም። የመሪጌታም አልገጠመም። ያኔ ደም የሰጠ ሰው ዓመት አይዘልቅም ይባል ነበርና በረንዳው ላይ ከነበሩት ማንም ክንዱን አልዘረጋም።

ደርቤን ጆንያዎቹን እስኪያደርስለት የሚጠብቀው ባለእህል ነበር። እሱ ግን እጅጌውን ጠቀለለ።

«የእኔን እዩት።»

ገጠመ። ነርሷ ግሪሱን ከክንዱ ላይ ጠርጋ መዝገቧን አነሳች።

«ለበሽተኛው ምኑ ነህ?»

ደርቤ ከጎኑ የተኛውን አናጢ አየ። ደረቱ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ወንድሙ ብለሽ ጻፊ» አለ።